ለእንቁራሪት የትኛው ማርከር? ከ16ኤስ እስከ ስኒፕ፣ ሳንቲማችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

ሁለት ትንንሽ እንቁራሪቶች በሁለት ብልቃጥ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ ከሸዋ ደጋ የመጣች ናት፣ ሌላዋ ከባሌ። ሁለቱም ቡናማ ናቸው። ሁለቱም ጀርባቸው ላይ ሸንተረር አለ። ያመጣቻቸው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት።

"ጋሼ፣ እነዚህ አንድ ዓይነት ናቸው አይደል?"

"በዓይን ካየሻቸው አዎ" አልኳት።

"ስለዚህ ማይክሮሳተላይት ልሥራ ወይስ ስኒፕ?"

ሁለቱም የዲኤንኤን ልዩነት የምናይባቸው ማርከሮች ናቸው፣ ዝርዝሩ ከታች ይመጣል። ይቺን ጥያቄ በዓመት አራት አምስት ጊዜ እሰማታለሁ። ብዙ ጊዜ የምትመጣው ናሙናው ከተሰበሰበ በኋላ ነው፣ አንዳንዴም ገንዘቡ ካለቀ በኋላ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። ስለዚህ ያለውን አማራጭ አንድ ቦታ ሰብስቤ ልጽፈው ወሰንኩ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ አንድ ቦታ ላይ ካልሆነ በቀር። እዚያ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያስፈልግ። ኢትዮጵያ ከ60 በላይ የአምፊቢያን (የእንቁራሪትና የዘመዶቿ) ዝርያዎች አሏት፣ ከእነሱም ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሌላ አገር የሉም። ደጋውን ስምጥ ሸለቆ ለሁለት ሰንጥቆታል። ብርድ የለመደች እንቁራሪት ያንን ሞቃት ቆላ አቋርጣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አትሻገርም። በ2011 በጥፍራሞቹ የውሃ እንቁራሪቶች፣ በዜኖፐስ ማለቴ ነው፣ ላይ የወጣ ጥናት ሸለቆው ትልቅ ግድግዳ መሆኑን በዲኤንኤ አሳይቷል። ተማሪዋ ያመጣቻቸው ደግሞ የሣር እንቁራሪቶች ናቸው፣ በሳይንስ ስማቸው ፕቲካዴና። ፕቲካዴና ኒውማኒ እየተባለ እንደ አንድ ሰፊ ዝርያ ሲቆጠር የነበረው ስብስብ ዲኤንኤው ሲታይ ከአስር በላይ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። በ2017 ስም ከወጣላቸው አንዷ እንዲያውም ፕቲካዴና አምሃረንሲስ ትባላለች። በዓይን አንድ የመሰለው በዲኤንኤው ፊደል አስር ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ማርከር ማለት ያንን ልዩነት የምናይበት መነጽር ነው። ከጂኖሙ (ከእንስሳው ሙሉ ዲኤንኤ) ውስጥ ከግለሰብ ግለሰብ የሚለያይ፣ ቦታው የታወቀ፣ ደጋግመን ልናነበው የምንችል ቁራጭ። መነጽሩ ግን ብዙ ዓይነት ነው። የሩቁን የሚያሳየው ከአፍንጫ ስር ያለውን አያሳይም።

ከመምረጣችሁ በፊት

ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው ጥያቄሽ የሩቅ ነው የቅርብ? "እነዚህ ሁለት ዝርያ ናቸው ወይ?" የሩቅ ጥያቄ ነው፣ በመቶ ሺዎችና በሚሊዮን ዓመታት የሚለካ። "ይህ አዲስ አስፋልት ሁለቱን ኩሬ ለያያቸው ወይ?" የቅርብ ነው። "ይህቺ እንቁላል የማን ናት?" ደግሞ ከሁሉም የቀረበ።

ሁለተኛው ናሙናሽ ምን ላይ ነው? ጣት ነው፣ የአፍ ውስጥ ጥጥ ነው፣ ወይስ ፎርማሊን ውስጥ ሃያ ዓመት የኖረ ሙሉ እንስሳ?

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የእንስሳሽ ጂኖም ስንት ነው? ይሄ ለዶሮ ወይም ለዓሣ ያን ያህል አያስጨንቅም። አምፊቢያን ላይ ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። የሰው ጂኖም ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ነው። በ2010 ጂኖሟ የተነበበላት የምዕራብ አፍሪካዋ ዜኖፐስ ትሮፒካሊስ 1.7 ቢሊዮን ገደማ ናት። ብዙ እንቁራሪቶች ከእሷ ከፍ ብለው እስከ ጥቂት ቢሊዮን ይደርሳሉ። በ2018 የታተመው የአክሶሎትል ጂኖም ግን 32 ቢሊዮን ነው። አክሶሎትል የሜክሲኮ ሳላማንደር ነው፣ ጅራት ያለው የእንቁራሪት ዘመድ። ከእሱ ከሦስት እጥፍ በላይ የሚሆኑ ሳላማንደሮችም አሉ። እኛ አገር ሳላማንደር የለም፣ ተመስገን ነው። ያለን እንቁራሪትና ጉርጥ ነው። በደቡብ ምዕራብ ደግሞ እግር የሌላት፣ ትል የምትመስል አንዲት ሲሲሊያን አለች።

ታዲያ ጂኖሙ ገዘፈ ብሎ ምን ይሆናል? ፒሲአር ስትሠሩ፣ ማለትም አንዱን የዲኤንኤ ቁራጭ ነጥላችሁ ስታበዙ፣ የምትፈልጉት ቁራጭ በሣር ክምር ውስጥ እንዳለች መርፌ ነው። ክምሩ አሥር እጥፍ ሲሆን ያው አንድ ጠብታ ዲኤንኤ ውስጥ ያሉት መርፌዎች በአሥር እጥፍ ያንሳሉ። ሲክዌንስ ስታደርጉ (ፊደሉን ስታነቡ) ደግሞ ክፍያው በፊደል ነው።

ማይቶኮንድሪያ፦ ርካሹ፣ ታማኙ፣ ግን አንድ ዓይናው

ከሁሉ ቀላሉ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነው። በአንድ ሴል ውስጥ ቅጂው በመቶና በሺ ስለሚቆጠር ናሙናው ደከም ቢልም ይወጣል። ለአምፊቢያን የተለመደው 16ኤስ የሚባለው ጂን ነው፣ ወደ 550 ፊደል የሚሆን ቁራጭ። ለሌላ እንስሳ መለያ የሚሆነው ሲኦአይ የተባለው ጂን እንቁራሪት ላይ ያስቸግራል። ፕራይመሩ (ፒሲአሩ የሚነሳበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) የሚያርፍበት ቦታ ራሱ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ አንዱ ላይ ይሠራል፣ አንዱ ላይ እምቢ ይላል። በ2005 ለአምፊቢያን 16ኤስ ይሁን ተብሎ የተከራከሩት በዚህ ምክንያት ነው። የ16ኤስ ፕራይመር ግን ከየትም የመጣ እንቁራሪት ላይ ማለት ይቻላል ይሠራል። አንድ ፒሲአር፣ አንድ ሲክዌንስ፣ በቃ።

ችግሩ ምንድን ነው? ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ስለ አባቶች ጉዞ አንድ ቃል አይነግራችሁም። የቱንም ያህል ፊደል ብታነቡ ምስክሩ አንድ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ተያይዞ እንደ አንድ ጂን ነው የሚወረሰው። አንድ ምስክር ደግሞ ይሳሳታል። የአውሮፓን የኩሬ እንቁራሪቶች ውሰዱ። ፔሎፊላክስ ሪዲቡንዱስና ፔሎፊላክስ ሌሶኔ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው፣ ግን ይዳቀላሉ። በመካከለኛው አውሮፓ መልኳም፣ ከሁለቱም ወላጅ የሚወረሰው የኒውክለስ ጂኗም ሪዲቡንዱስ የሆነች፣ ማይቶኮንድሪያዋ ግን የሌሶኔ የሆነች እንቁራሪት ትገኛለች። በማይቶኮንድሪያ ብቻ የፈረደ ሰው ስሟን ተሳስቶ ይጽፋል።

እኔ ግን 16ኤስን አትዝለሉ ባይ ነኝ። የፈለጋችሁትን ውድ ዘዴ ልትሠሩ ብታስቡ መጀመሪያ ከየቦታው ጥቂት ግለሰብ በ16ኤስ እዩ። "አንድ ዝርያ" ብላችሁ የሰበሰባችሁት ሦስት ሆኖ ከተገኘ ቀሪው ሥራ ሁሉ ይቀየራል። ይህን ከስድስት ወር በኋላ ከማወቅ በሳምንት ማወቅ ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል።

ማይክሮሳተላይት፦ ያደግንበት

በእኔ ትውልድ ፖፑሌሽን ጄኔቲክስ ማለት ማይክሮሳተላይት ማለት ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ጂኖሙ ውስጥ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሦስት ፊደል ይደጋገማል፦ ሲኤ ሲኤ ሲኤ ሲኤ እያለ፣ እንደ መቁጠሪያ ጨሌ። ከእናት የመጣው 12 ጨሌ ይኖረዋል፣ ከአባት የመጣው 15። ድግግሞሹ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ከሰፈር ሰፈር እንኳን ልዩነት ይታያል። ግራና ቀኙ ላይ ፕራይመር ትሠራላችሁ፣ በፒሲአር ታበዛላችሁ፣ ርዝመቱን ትለካላችሁ።

አሁን ስክሪኑን ላሳያችሁ። አንዲት እንቁራሪት፣ አንድ ማርከር። መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሄድና 178 ላይ ቀጥ ያለ ጫፍ ያወጣል። ትንሽ ቆይቶ 184 ላይ ሌላ ጫፍ። ጥሩ፣ 178/184 ብለን እንጻፍ። ግን ቆይ። ከ184 በፊት 182 ላይ ትንሽ ጫፍ አለች፣ ከእሷ በፊት 180 ላይ ደግሞ ይበልጥ ያነሰች። እነዚህ እውነተኛ አይደሉም፣ ኢንዛይሙ ሲገለብጥ ተንሸራቶ ያመጣቸው ጥላዎች ናቸው። አሁን ሌላ እንቁራሪት አምጡ፣ 182/184 የሆነች። ጥላው የትኛው ነው፣ እውነተኛው የትኛው? ይህን የሚወስነው ማሽኑ ሳይሆን ሰውዬው ነው። ሌላ ላብ (ላቦራቶሪ) ሌላ ማሽን ላይ ቢሠራው የመጀመሪያዋን እንቁራሪት 180/186 ሊላት ይችላል። ሁለት ላብ ውጤቱን ለማጋጠም ሲሞክር ያለውን ጭቅጭቅ ያየ ያውቀዋል።

ሌላው ጣጣ የተደበቀው ቅጂ ነው። ፕራይመሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ከተቀየረች ያ ቅጂ ጭራሽ አይበዛም። እንቁራሪቷ ሁለት ዓይነት ቅጂ እያላት አንድ ብቻ ያላት ትመስላለች። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በዚህ ተሸውጃለሁ። የአንድ ኩሬ እንቁራሪቶች እርስ በርስ በዘመድ የተጋቡ መስለውኝ ስጋቴን ጽፌ፣ ስላይድ ሠርቼ፣ ሰው ፊት አቀረብኩ። በኋላ ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ሁለት ማርከሮችን በአዲስ ፕራይመር ደገምኳቸው። የዘመድ ጋብቻው ጠፋ። እንቁራሪቶቹ ደህና ነበሩ፣ ችግሩ የፕራይመሩ ነበር።

አምፊቢያን ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። ለአንዷ ዝርያ የተሠራ ፕራይመር ለእህቷ ዝርያ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ጂኖሙ በገዘፈ ቁጥር የሚሠሩት ፕራይመሮች ድርሻ እየቀነሰ እንደሚሄድም በተለያዩ እንስሳት ላይ ታይቷል። ስለዚህ ሃምሳ ፕራይመር አዝዛችሁ ደህና ሆነው የሚቀሩት አሥራ አምስት ቢሆኑ አትደነቁ።

ታዲያ ሞቷል ማለት ነው? አይደለም። ከ10 እስከ 20 ጥሩ ማርከር ካላችሁ፣ ከየኩሬው ከ25 እስከ 30 ግለሰብ ካገኛችሁ፣ ለቅርብ ጥያቄ ዛሬም ይበቃል። ለወላጅነት ምርመራ አሁንም ጎበዝ ነው። ዲኤንኤው ጥቂትና የተቆራረጠ ቢሆንም ይሠራል። ኮምፒውተሩም ተራ ላፕቶፕ ነው። ከዚህ በፊት በማይክሮሳተላይት የተሠራበት ቦታ ላይ "ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ቀንሷል ወይ?" ብላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አትፈልጉ፣ ያንኑ ማርከር ቀጥሉበት። ከዜሮ የምትጀምሩ ከሆነ ግን እኔ አልመክርም። ፕራይመር ሲፈተሽ የሚያልፈው ወራት ዛሬ ሌላ ቦታ ይውላል።

ራድ፦ ጂኖሙን ሳታውቁ በሺ የሚቆጠር ስኒፕ

ስኒፕ ማለት አንዲት ፊደል ናት። አንዱ ጋ ኤ ከሆነች ሌላው ጋ ጂ። አንዷ ብቻዋን ብዙ አትናገርም፣ ሺ ሲሆኑ ግን ያወራሉ። ያንን ሺ ለማግኘት የተለመደው መንገድ ራድ የሚባለው ነው። በ2008 መጣ፣ በ2012 ደግሞ በሁለት ኢንዛይም የሚቆርጠው ዓይነት ተጨመረ። በ2018 የደጋችንን የሣር እንቁራሪቶች ታሪክ እንደገና ያዩት ሰዎችም በማይቶኮንድሪያ ብቻ አልቆሙም፣ ከመላው ጂኖም የተሰበሰቡ ስኒፖችን ነው የተጠቀሙት።

አሠራሩ ብልህ ነው። ቆራጭ ኢንዛይም የራሱን ፊደል ካላገኘ አይቆርጥም። ኢኮአርዋን የተባለው ጂኤኤቲቲሲን ይፈልጋል፣ ስድስት ፊደል። ኤስቢኤፍዋን ስምንት ፊደል ይፈልጋል። ከተቆረጠው አጠገብ ያለውን ብቻ ታነባላችሁ። ኢንዛይሙ ሁሉም እንቁራሪት ላይ ያው ቦታ ስለሚቆርጥ፣ ሁሉም ላይ ያንኑ ቁራጭ ታገኛላችሁ። ቀድሞ የተነበበ ጂኖም አያስፈልግም፣ ፕራይመር መንደፍም የለም።

እዚህ ላይ ነው የጂኖሙ መጠን የሚመጣው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ስድስት ፊደል በዕድል የሚገኘው በአማካይ በ4,096 ፊደል አንዴ ነው። ስምንት ፊደል በ65,536 አንዴ። የእንቁራሪታችሁ ጂኖም 3 ቢሊዮን ቢሆን ባለ ስድስቱ ኢንዛይም ወደ 730,000 ቦታ ይቆርጣል፣ ባለ ስምንቱ ወደ 46,000። እያንዳንዱን ቦታ በእያንዳንዱ እንቁራሪት ቢያንስ አሥር ጊዜ ማንበብ ትፈልጋላችሁ። 730,000 በአሥር፣ ያንን በመቶ እንቁራሪት አባዙት። ሰዎች ገንዘባቸው በኖ የሚቀረው እዚህ ነው። ያው ባለ ስምንቱ ኢንዛይም አክሶሎትል ላይ ወደ 490,000 ቦታ ይቆርጣል። እርግጥ ትክክለኛው ቁጥር እንደ ጂኖሙ የፊደል ስብጥር ከፍ ዝቅ ይላል። ግን ላቡን ከመጥራታችሁ በፊት ይቺን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሥሯት። ሁለት ኢንዛይም የምትጠቀሙ ከሆነ የቁራጩን ርዝመት ጠባብ አድርጋችሁ በመምረጥ ቁጥሩን ማውረድ ይቻላል።

ድክመቱስ? ራድ ሙሉ፣ ያልተቆራረጠ ዲኤንኤ ይፈልጋል። ከአፍ በጥጥ የተወሰደ ናሙና ላይ ያስቸግራል። ዲኤንኤው ጥቂት ነው፣ ግማሹም የባክቴሪያ ነው፣ ለባክቴሪያው ደግሞ ያው ዋጋ ትከፍላላችሁ። ዝርያዎቹ በተራራቁ ቁጥር መቁረጫው ቦታ ስለሚለወጥ ባዶ ቦታው ይበዛል። ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ ናሙና መጨመርም እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። የርዝመት ምርጫው ትንሽ ከተዛባ የድሮውና የአዲሱ ቁራጮች አይገጣጠሙም።

ሁሌ የምለው አንድ ምክር አለ፦ ከ8 እስከ 12 ናሙና ወስዳችሁ መጀመሪያ ሞክሩ። መቶውን አንዴ አትላኩ።

ድርብ ጂኖም ያላቸውን ተጠንቀቁ

ይቺ ለዜኖፐስ ሠሪዎች ናት። ዜኖፐስ ትሮፒካሊስ 20 ክሮሞዞም አላት፣ እንደ እኛ ሁለት ሁለት ቅጂ። እኛ አገር ያለችው ዜኖፐስ ክሊቪ ግን 36 አላት። ጥንት ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የሁለቱም ጂኖም አብሮ ቀርቷል። ከዘመዶቿ መካከል 108 ክሮሞዞም ያላቸውም አሉ፣ ለምሳሌ ካሜሩን ኦኩ ሐይቅ ያለችው ዜኖፐስ ሎንጂፐስ።

ማይክሮሳተላይት ብትሠሩባት ሁለት ጫፍ ስትጠብቁ ሦስት ወይም አራት ይመጣል። ራድ ብትሠሩ ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ስህተቱ አይታይም። የሁለቱ ጂኖም ተመሳሳይ ቁራጮች ኮምፒውተሩ ላይ እንደ አንድ ይቆለሉና ሁሉም እንቁራሪት ሁለት ዓይነት ፊደል ያለው ይመስላል። መለያው ይኸው ነው፦ አንድ ስኒፕ ላይ ሁሉም ግለሰብ ኤ/ጂ ከሆነ፣ አንድም ኤ/ኤ ወይም ጂ/ጂ ከጠፋ፣ ያ ስኒፕ አይደለም። ጣሉት። ይህን ማጣሪያ ለሁሉም እንቁራሪት ተጠቀሙበት፣ ዜኖፐስ ባይሆንም።

ማጥመጃ፣ ሙሉ ጂኖም፣ የውሃ ዲኤንኤ

እነዚህን ሦስቱን ቶሎ ልለፋቸው።

ማጥመጃ የምለው የምትፈልጉትን ቁራጭ በተዘጋጀ መንጠቆ ከጂኖሙ ውስጥ መልቀም ነው። ለእንቁራሪት ፍሮግካፕ የሚባል ወደ 15,000 ማርከር የሚያጠምድ ስብስብ ወጥቷል። መንጠቆው የተሠራው ብዙም በማይለወጥ ቦታ ላይ ስለሆነ የተራራቁ ዝርያዎችን አንድ ላይ ለማየት ከራድ ይሻላል። የሙዚየም ናሙና ላይም፣ አልኮል ውስጥ የቆየ ከሆነ፣ ተስፋ አለው። ፎርማሊን ውስጥ የቆየ ከሆነ ግን ልባችሁን አታስጨንቁ። ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያጣብቀዋል፣ ይሰባብረዋል። ዋጋው ከራድ ይበልጣል፣ ላብ ውስጥም ሥራው ይበዛል። ለሁለት ኩሬ ጥያቄ ማጥመጃ መግዛት ለዝንብ መድፍ ነው።

የብዙ ግለሰብን ሙሉ ጂኖም ማንበብ እንቁራሪት ላይ አሁን የሚቻል ነው፣ ሳላማንደር ላይ ገና ከባድ ነው። እያንዳንዷን እንቁራሪት ሠላሳ ጊዜ ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ብዙ ግለሰብን አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ስስ አድርጎ አንብቦ ጎዶሎውን በስታቲስቲክስ መያዝ ይቻላል። ግን የዝርያዋ ወይም የቅርብ ዘመዷ የተሟላ ጂኖም ቀድሞ መኖር አለበት። ያንን ለመሥራት ደግሞ ትኩስ ሥጋ ያስፈልጋል፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ወዲያው የቀዘቀዘ። የናይትሮጅን ጋን ይዞ ሳነቴ ላይ የወጣ ሰው ምን ያህል "ቀላል" እንደሆነ ይንገራችሁ።

የውሃ ዲኤንኤ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የገባው ሰው ሁሌ ስለሚጠይቀኝ ነው። በ2008 ፈረንሳይ ውስጥ የኩሬ ውሃ ብቻ ተቀድቶ የአሜሪካ ኮርማ እንቁራሪት መኖሯ ታወቀ። በ2014 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ትልቁን ባለ ጉትዬ ኒውት (የሳላማንደር ዓይነት ነው) በውሃ ናሙና መፈለግ በመንግሥት በኩል ተቀባይነት አገኘ። ድንቅ ነው። ግን የሚመልሰው "አለች ወይ?" የሚለውን ነው። ከየት መጣች፣ ከማን ጋር ትዛመዳለች፣ ስንት ናቸው ለሚለው አይሆናችሁም።

የእኔ ምርጫ

ተማሪዋ ጋ ልመለስ። እሷ በእጇ 140 የጣት ጫፍ ነበራት፣ በ96 በመቶ አልኮል፣ ከሸለቆው ግራና ቀኝ ከሰባት ቦታ። ጥያቄዋ "ስንት ናቸው፣ መቼስ ተለያዩ?" ነው። ለእሷ መልሱ ቀላል ነበር፦ መጀመሪያ 16ኤስ ሁሉም ላይ፣ ከዚያ በሁለት ኢንዛይም ራድ። ማይክሮሳተላይት ለዚህ አይሆንም። ያ መቁጠሪያ ጨሌ እየሄደ እየተመለሰ ስለሚለወጥ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሁለት የማይዛመዱ እንቁራሪቶች በአጋጣሚ እኩል 15 ጨሌ ይዘው ይገኛሉ።

"140ውንም በራድ ልሥራ?" አለች።

"አይ። ከየቦታው ስምንት ስምንት ይበቃሻል።" በሺ የሚቆጠር ስኒፕ ካለ በቦታዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለመለካት ጥቂት ግለሰብ ይበቃል። በማይክሮሳተላይት ሠላሳ የምንሰበስበው ማርከሩ ስለሚያንስ ነው። የቀረውን ገንዘብ ስምንተኛ ቦታ ለመጨመር አውይው አልኳት።

ጥያቄው ሌላ ቢሆንስ? ሐረና ደን እንሂድ። ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ የምትባል ድንክዬ እንቁራሪት አለች፣ በ1989 ስም የወጣላት፣ ከባሌ ሌላ የትም የለች። የምትኖርበት ቦታ እጅግ ጠባብ ነው፣ አስታው ከደኑ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ። ከብትና የማገዶ ቆራጭ እዚያም ደርሷል። በ2013 የወጣ ጥናት የባሌ ብርቅዬ እንቁራሪቶች ሁኔታ አሳሳቢ መሆኑን ጽፏል። እዚህ "ስንት ዝርያ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው በየዓመቱ እየተመላለሱ "እየቀነሱ ነው ወይ? እርስ በርስ በዘመድ እየተጋቡ ነው ወይ?" ማለት ነው። ጣት መቁረጥም አይታሰብም፣ ያለው ጥጥ ብቻ ነው።

ለእንዲህ ያለው እኔ የምመርጠው ሁለት ደረጃ ያለውን ነው። መጀመሪያ ጥሩ ዲኤንኤ ባላቸው ጥቂት ናሙናዎች ላይ ራድ ሠርቶ ስኒፕ መፈለግ። ከዚያ ከሺዎቹ ውስጥ መቶ ሁለት መቶ ጎበዞችን መርጦ ለእነሱ ብቻ አጫጭር ፕራይመር መንደፍ፣ ሁሉንም በአንድ ቱቦ ማብዛት። ቁራጮቹ አጭር ስለሆኑ ከጥጥ የመጣ ደካማ ዲኤንኤ ላይም ይሠራሉ። ፕራይመሩ የእንቁራሪቷ ስለሆነ ባክቴሪያው አይረብሽም። ከሁሉ በላይ ኤ ሁሌም ኤ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ የተነበበው ከአምስት ዓመት በኋላ ሐዋሳ ከሚነበበው ጋር ያለ ጭቅጭቅ ይገጥማል። 180 ነው 182 ነው የለም። መጀመሪያ ላይ ያስወጣል፣ አይካድም። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ለአንድ ናሙና የሚወጣው ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስኒፖቹን ከአንድ ቦታ እንቁራሪት ላይ ብቻ መርጣችሁ ሌላ ቦታ ብትወስዷቸው፣ ያኛው ቦታ ብዝኃነት የሌለው ይመስላል። የራሱን ልዩነት አልፈለጋችሁለትማ። ስለዚህ የመጀመሪያው ራድ ላይ ከሁሉም ቦታ ትንሽ ትንሽ ይኑር።

ሜዳ ላይ

የትኛውንም ብትመርጡ ሥራው የሚበላሸው ላብ ውስጥ ሳይሆን ሜዳ ላይ ነው። አልኮሉ 96 በመቶ ይሁን። አልኮል አለቀብን ብሎ ዳግም አረቄ የጨመረ ሰው ሰምቻለሁ። ለሠራተኛው ሊሆን ይችላል፣ ለዲኤንኤው ግን ውሃው በዝቷል። ጣቱ ራሱ ውሃ ስላለው በማግሥቱ አልኮሉን አንዴ ቀይሩት። ከወንድ እንቁራሪት አውራ ጣት አትቁረጡ፣ ሴቷን የሚይዝበት ነው።

ጓንት ለየእንቁራሪቷ ይቀየር። ኪትሪድ የሚባለው ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ ባሌ ውስጥም ተገኝቷል፣ ከኩሬ ኩሬ ይዛችሁት የምትሄዱት እናንተ እንዳትሆኑ። ቦት ጫማውን በረኪና ባለበት ውሃ እጠቡና አድርቁት።

ፈቃዱን ደግሞ ጉዞው ሳይጀመር ጨርሱ። ያልኳችሁ የእኛ አቆጣጠር እዚህ ጋ ነው፦ አዋጅ ቁጥር 482/1998። የጄኔቲክ ሀብት ማግኘትን የሚመለከት ነው። ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ሳታናግሩ ቱቦ አታሽጉ። ፓርክ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣኑም አለ። ወረቀቱ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ክረምቱ ግን አይጠብቃችሁም። እንቁራሪቶቹ የሚጮኹት ሐምሌና ነሐሴ ነው።

የቱቦው ስም በእርሳስ ይጻፍ፣ ወረቀቱም ቱቦው ውስጥ ይግባ። ተማሪዋ በቢክ እስክሪብቶ ክዳኑ ላይ ነበር የጻፈችው። ከ140ዎቹ አሥራ አንዱ ላይ አልኮሉ ፈስሶ ጽሑፉን አጥቦታል። አሁን አሥራ አንዱም ከየት እንደመጡ በ16ኤስ እየገመትን ነው።